ቦልዛኖ የገና ገበያ በ8 ዲሴምበር ሰሞን፦ ጾመኛ እናትና ትንሽ ልጅ ይዞ ይኬዳል?

ሎሚ_ሽታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከሚላኖ ቦልዛኖ ወዳለበት ወደ ሰሜን ጣሊያኑ ክፍለ ሀገር አልቶ አዲጄ ወጥተን የገና ገበያዎቹን ለማየት አስበናል። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 ዓመት ልጃችንና ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ የመጣችው እናቴ። ዘንድሮ 8 ዲሴምበር ማክሰኞ ይውላል፤ ሰኞ ደግሞ ሳንታምብሮጆ፣ የሚላኖ ከተማ በዓል ነው። ስለዚህ ከቅዳሜ 5 እስከ ማክሰኞ 8 አራት ቀን በተከታታይ ሥራ የለንም። ሐሳባችን በመኪና ሄደን ቦልዛኖ ማደር፣ በማግስቱ ሜራኖ ወይም ብሬሳኖኔ፣ ከተመቸም ድንበር ተሻግረን ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ደርሰን መመለስ ነው።

የጨነቀኝ እናቴ ጉዳይ ነው። የነቢያትን ጾም ትጾማለች፣ አንዳንድ ቀንም እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ገበያው ላይ የሚሸጠው ሁሉ ቋሊማና አይብ ይመስለኛል። ጉልበቷም ብርድ አይወድም። መኪና ይሻላል ወይስ ባቡር? ለኢንስብሩክ ቪዛዋ ይበቃል? ልጁ ደግሞ ክራምፑስ የሚባለውን የጭራቅ ሰልፍ በቪዲዮ አይቶ ካላየሁ ብሏል።

አዲጄ_ዳር

እህቴ፣ ቀኑን ቀይሪ። ሌላው ሁሉ መላ አለው፣ ቀኑ ግን የለውም። 8 ዲሴምበር በመላው ጣሊያን በዓል ነው፤ 7 ደግሞ የሚላኖ ብቻ። ስለዚህ አንቺ ያሰብሽውን ሚላኖ በሙሉ አስቦታል። ቬሮናና ብሬሻ፣ ከላይም ኢንስብሩክና ሙኒክ ይጨመርበታል። የቦልዛኖ ገበያ ባለበት ዋልተር አደባባይ ላይ በዚያ ሰሞን ከ15:00 እስከ 19:00 ድረስ በራስሽ እግር አትሄጂም፣ ሰዉ ነው የሚወስድሽ። (ሰዓቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ትኬት ሲያነብ በ6 ሰዓት እንዳይሳሳት።) ጋሪ የሚገፋ፣ ልጅ የያዘ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ውስጥ ምንም አያይም።

ገበያዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአድቬንት (ካቶሊኮች ገናን ከሚጠብቁባቸው ሳምንታት) የመጀመሪያ እሑድ በፊት ባሉት ቀናት ይከፈቱና እስከ 6 ጃንዋሪ ይዘልቃሉ። 25 ዲሴምበር ዝግ ናቸው፤ 24 ላይም በጊዜ ይዘጋሉ። ዘንድሮ የመጀመሪያው እሑድ 29 ኖቬምበር ነው። ከ9 እስከ 11 ዲሴምበር ወይም ከ14 እስከ 17 ያሉት የሥራ ቀናት ምርጥ ናቸው፤ ሁለት ቀን ፈቃድ መውሰድ ከቻልሽ ውሰጂ። ከትምህርት ቤት አንድ ቀን መቅረት ካልሆነልሽ ከ2 እስከ 5 ጃንዋሪ ያለው ጊዜም ከፖንቴው፣ በዓል ተያይዞ ከሚረዝመው ከዚህ እረፍት፣ በብዙ ይሻላል።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ ቦልዛኖ መሐል ከተማ ማደር ግድ አይደለም። አምስቱ ትልልቅ ገበያዎች ቦልዛኖ፣ ሜራኖ፣ ብሬሳኖኔ፣ ቪፒቴኖና ብሩኒኮ ሲሆኑ ሁሉም የባቡር ጣቢያ አላቸው። ለእናትሽ የምመርጠው ብሬሳኖኔን ነው። አደባባዩ ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ሲበርዳቸው ገብተው ይቀመጣሉ። የቀድሞው የጳጳሳት ቤተ መንግሥት፣ ሆፍቡርግ የሚሉት፣ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ውስጡ የክርስቶስን ልደት በእንጨት፣ በሰምና በጨርቅ የሚያሳዩ ጥቃቅን ምስሎች ስብስብ አለው። ለጾመኛ እናት ከቋሊማ ሱቅ ይልቅ እሱ ነው የሚነገርላት። ለዚያውም ውስጡ ይሞቃል።

ቦታ ስትይዢ «ጌስት ፓስ ይሰጣል?» ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው ሆቴልና ፔንሲዮን ከአዳሩ ዋጋ ጋር ይሰጣል፤ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ አውቶቡስ፣ የክልል ባቡርና የሬኖን የገመድ መኪና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳፍራል። የማይሰጥ ከሆነ የ1፣ የ3 እና የ7 ቀን ሞቢልካርድ አለ። ሰው የሚቀጣው ግን ፓሱ እያለው ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ከመሳፈርሽ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን፣ አውቶቡስ ከሆነ ስትገቢ፣ ማሳየት አለብሽ። ሙኒክና ቬሮና መካከል የሚመላለሱት ፈጣን ባቡሮችም አይቆጠሩም። በቦርዱ ላይ «R» የሚል ፊደል ያለው የክልል ባቡር ነው የሚያገለግልሽ።

ጎማ_ተኮር

ስለ መኪና ባጭሩ። ከ15 ኖቬምበር እስከ 15 ኤፕሪል በኤ22 አውራ ጎዳና ላይ የክረምት ጎማ ወይም ከጎማሽ ልክ ጋር የሚገጥም ሰንሰለት መኪናው ውስጥ መኖር ግዴታ ነው። «ሰንሰለት አለኝ» ማለት አይበቃም። የጎማውን ጎን አንብቢ፣ ለምሳሌ 205/55 አር16 ይላል፤ የሰንሰለቱ ሳጥን ላይ ይኸው ቁጥር መኖር አለበት። አንዳንድ መኪና በሰፊ ጎማ ላይ ሰንሰለት ጭራሽ አይፈቅድም፣ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ሰንሰለት የሚታሰረው ኃይል በሚሰጠው ጎማ ላይ ነው፤ ብዙ ትንንሽ መኪና ላይ የፊቱ ማለት ነው። ታስሮም ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም። ቤት በራፍ ላይ በደረቅ አንድ ጊዜ አስረሽ ፍቺው። በጨለማና በበረዶ የመጀመሪያ ሙከራ ያደረገ ሰው እጁ ደንዝዞ ግማሽ ላይ ይተወዋል። የመስታወት ማጠቢያውንም በበጋ ውሃ ትተሽ አትውጪ፤ ቧንቧው ውስጥ ይረጋና ጨው የተረጨበት መንገድ ላይ መስታወትሽ ነጭ ይሆናል። ከዜሮ በታች 20 የሚችለውን ግዢ።

ቦልዛኖ መሐል በመኪና አትግቢ። ዜድ ቲ ኤል፣ ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል፣ አለ፤ ካሜራው አይምርም፤ የኪራይ መኪና ከሆነ ቅጣቱ ላይ የአከራዩ የአገልግሎት ክፍያ ይደረብበታል። በመኪና ግድ ከሆነ «ኤኛ ኦራ» በሚለው መውጫ ወጥተሽ ኦራ ጣቢያ አቁሚና በባቡር ግቢ፤ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። እውነቱን ለመናገር እኔ የመኪና ሰው ነኝ፣ ለዚህ ጉዞ ግን ባቡር ነው የምለው።

አዲጄ_ዳር

ከጎማ_ተኮር ጋር ተስማምቻለሁ፣ ይህ ሁሌ አይገጥምም። በባቡር ከሆነ ሚላኖ ቼንትራሌ እስከ ቬሮና ፖርታ ኑኦቫ በፈጣኑ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም። ከዚያ በክልል ባቡር እስከ ቦልዛኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የፈጣኑን ትኬት ቀደም ብለሽ ግዢ፣ ዋጋው ይወጣል። የክልሉ ዋጋ ቋሚ ነው፣ አያልቅምም፤ ግን ወንበር አይያዝም። ቬሮና ላይ 20 ደቂቃ ቀድመሽ ባቡሩ ላይ ካልወጣሽ እናትሽ ቆመው ይሄዳሉ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርሽ በፊት ማኅተም አስመቺ፤ በስልክ ከሆነ ደግሞ ስትሳፈሪ «ቼክ ኢን» የሚለውን ንኪ። ስትመለሺ ከቦልዛኖ ከ17:00 እስከ 19:00 ያለውን ባቡር ተይው። ከላይ ከኦስትሪያ ድንበር ከብሬነሮ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

የጣቢያ ስም ላይ ተጠንቀቂ፣ ሁሉም ሁለት ስም አለው። ቦልዛኖ ቦዘን ነው፣ ሜራኖ ሜራን ነው፣ እነዚህ አያሳስቱም። ሰው የሚሳሳተው ብሬሳኖኔ «ብሪክሰን»፣ ብሩኒኮ ደግሞ «ብሩኔክ» ስለሚባሉ ነው። መስመራቸው የተለያየ ነው። ለብሩኒኮ ፎርቴትሳ ላይ ወርዶ ባቡር መቀየር አለ። በነገራችን ላይ በእነዚህ መስመሮች የግንባታ ሥራ ስላለ ባቡሩ በአውቶቡስ የሚተካበት ጊዜ አለ፤ ከመነሻሽ ዋዜማ ሰሌዳውን እይ።

ምጥን_በርበሬ

ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ። ጾሙ ዘንድሮ ኅዳር 15 ማለትም 24 ኖቬምበር ይገባል፣ የሚፈታው በ7 ጃንዋሪ ነው። ገበያዎቹ የሚዘጉት በ6 ጃንዋሪ። ስለዚህ ቀን ብትቀይሪም ከጾሙ አታመልጪም፤ ገበያው ገና ስንፈታ ድንኳኑን አፍርሶ ሄዷል።

ያለ ጥያቄ የሚበላው ቼስትነት የሚባለው ፍሬ ጥብስ ነው፣ ካልዳሮስቴ ይሉታል። ቀዳዳ ባለው ሰፊ መጥበሻ እሳት ላይ እየተገላበጠ ነው የሚጠበሰው፣ ምንም አይነካውም። ትኩስ የፖም ጭማቂም እንደዚሁ። ሻይ ቅጠልና ፍራፍሬ ያለበት የልጆች ፑንሽ አልኮል የለውም፣ ለልጅሽ ይሆናል። ኩባያው በማስያዣ ነው የሚሰጠው፤ ስትመልሺ ብርሽ ይመለስልሻል፣ ካልመለስሽ ኩባያውን ገዛሽ ማለት ነው።

የሚያታልሉት ደግሞ እነዚህ ናቸው። የፖም ጥብሱ ሊጡ ወተትና እንቁላል አለበት። ካኔደርሊ የሚባለው ድቡልቡል ዳቦ የስፒናቹም ቢሆን በወተትና በእንቁላል ነው የሚቦካው። ጎምዛዛው ጎመን፣ ክራውቲ፣ አረንጓዴና የዋህ ይመስላል፣ ግን በአሳማ ስብ ወይም በስፔክ (የተጨሰ የአሳማ ሥጋ) ቁራጭ ነው የሚበስለው። ስትሩዴል ቅቤ አለበት። ብሬዘል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጋጋሪ ስትሩቶ፣ የአሳማ ስብ ማለት ነው፣ ይጨምርበታል። ፖሌንታ በራሱ የበቆሎ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው፣ የአገራችን ገንፎ ወንድም፤ ሰሐን ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን ቅቤና አይብ ይገባበታል።

ስትጠይቂ «ጾም» ብሎ ማስረዳት አይሰራም፣ ካቶሊኩ ጾም ሲል ሥጋ መተው ብቻ ይመስለዋልና ዓሣና አይብ ያቀርብልሻል። «ኤ ቬጋኖ?» በይ። መልሱ ካላጠገበሽ «ሴንትሳ ቡሮ፣ ሴንትሳ ላቴ፣ ሴንትሳ ኡኦቫ፣ ሴንትሳ ስትሩቶ» ብለሽ አራቱንም ጥሪ። ስትሩቶን ካልጠራሽ ማንም አያነሳልሽም፤ ለእነሱ እንደ ዘይት ነው።

አንድ ነገር ግን ግዢላቸው፣ ሹተልብሮት። ሴጋሌ ከሚባለው ጠቆር ያለ የስንዴ ዘመድ የሚጋገር ስስ ክብ ቂጣ ነው። ስሙ «የተናወጠ ዳቦ» ማለት ነው፤ ሊጡን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እያናወጡ ስለሚያሳሱት። ስታነሺው እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ቅመሙ እንስላል፣ ከሙን የሚመስል ፍሬና የአብሽ ዘመድ የሆነ ቅጠል ነው፤ ከረጢቱን ስትከፍቺ እናትሽ ሽታውን ሳይነግሯቸው ያውቁታል። መሠረቱ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው፤ አንዳንዱ አሬራ ስለሚጨምር ከረጢቱ ጀርባ ላይ «ላቴ» የሚል ቃል መኖሩን አንብቢ። ሕጉ አለርጂ የሚያመጡትን በደማቅ ፊደል እንዲጽፉ ስለሚያስገድድ ወዲያው ይታያል።

ደጀን_77

የገብስ ሾርባቸውን ረሳሽው እንጂ! ገብስ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ሴለሪ ነው፤ ትኩስ፣ ሆድ የሚይዝ። ለእማማ ከዚያ የተሻለ አይገኝም።

ምጥን_በርበሬ

ደጀን፣ ረስቼው አይደለም፣ የተውኩት ለዚህ ነው። የአልቶ አዲጄ የገብስ ሾርባ ባሕላዊ አሠራሩ ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው። ሥጋው አንዳንዴ ተከታትፎ አይታይም፣ አንዳንዴም ጣዕሙን ሰጥቶ ይወጣል። ሾርባው ላይ የሚንሳፈፍ የዘይት ዓይን ካየህ ተወው። ሙስሊም ወገኖችም ይህን ልብ በሉ፣ በየዓመቱ የሚሳሳቱበት ነው።

የ9 ሰዓቱን ነገር ግን ማንም አላነሳውም። እስከ 15:00 የሚቆይ ጾመኛ ጣሊያን ውስጥ በጣም መጥፎው ሰዓት ላይ ነው የሚርበው። የምግብ ቤት ማብሰያ ከ14:00 ወይም 14:30 በኋላ ይዘጋል፣ ዳግም የሚከፈተው ማታ ወደ 18:30 ነው። በመካከሉ ያለው ቡና ቤት፣ ኬክና የገበያው ጎጆዎች ናቸው። ያ ሰዓት ደግሞ ወረፋው የሚረዝምበት ነው። ስለዚህ ስንቅ ይያዝ። በሶ በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጾም የተጋገረ ዳቦ። ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ከያዛችሁ ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ አሉሚኒየም ድስትም የሸክላ ጀበናም አይሞቅበትም። ማግኔት የማይይዘው ዕቃ እዚያ ምድጃ ላይ ቢውል ቢያድር ቀዝቃዛ ነው። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ውሰዱ፣ ዕጣኑንም ተዉት። የጭስ መጠቆሚያው ጣሪያው ላይ ነው፤ ከጮኸ ባለቤቱ እስኪመጣ ማብራራቱ ቡናውን ያበርደዋል።

ሎሚ_ሽታ

እግዜር ይስጣችሁ፣ የገብስ ሾርባውን ከመጀመሪያው ቀን ልገዛላት ነበር። ቀኑን ወደ 9 ዲሴምበር ገፋነው፣ በባቡር፣ ሦስት ሌሊት ብሬሳኖኔ። ክራምፑሱና ኢንስብሩክስ?

ብሬነር_ማዶ

ክራምፑስ ዋናው ቀኑ 5 ዲሴምበር ማታ፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ነው። ሰልፎቹ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በየመንደሩ በየራሳቸው ቀን ይደረጋሉ፤ በ9 ከሄዳችሁ በአብዛኛው አልፏል። ባያየው የሚቆጭ አይመስለኝም። ጭምብሉ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ቀንድ ያለው ነው፤ ወገባቸው ላይ ከባድ ቃጭል፣ እጃቸው ላይ ልምጭ አለ። ችቦና ጭስ አለ። ዶቢያኮን የመሰለው ትልቁ ሰልፍ ላይ አጥር ይደረጋል፣ አጥር ዳር የቆመ ሰው ግን ፊቱን ጥላሸት ይቀባል፣ እግሩን በልምጭ ይነካል። ለ15 ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ ቪዲዮው ላይ ያልነበረውን ድምፅ ሲሰማ ሌሊቱን አይተኛም። ሌላ ዓመት የሚሄድ ካለ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ይቁም፣ ነጭ ነጠላም ሆነ አዲስ ካፖርት አይልበስ። ከዶቢያኮ እስከ ቦልዛኖ ፎርቴትሳ ላይ ባቡር እየቀየሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ሰልፉ ሳይጀመር ይወቅ።

ኢንስብሩክ፦ የእናትሽን ቪዛ አውጥተሽ «የሚያገለግልበት» የሚለውን መስመር እይ። «ስታቲ ሼንገን» ካለ ኦስትሪያ መሄድ ከሼንገን መውጣት ስላልሆነ አንድ ጊዜ መግቢያ ቢሆንም አይቃጠልም። ጣሊያን ብቻ የሚል ከሆነ ብሬነሮን አትሻገሩ። ባቡሩ ላይ ፖሊስ መታወቂያ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የፓስፖርት ፎቶ ስልክ ላይ ማሳየት አያዋጣም፣ ዋናው ይያዝ። እናንተም ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ከነፓስፖርቱ ያዙ። እድሳት አስገብቶ ሪቼቩታ (የማመልከቻው ደረሰኝ) ብቻ በእጁ ያለ ሰው ወደ ኦስትሪያ አይሂድ፤ ሪቼቩታ ጣሊያን ውስጥ እንጂ ማዶ አይሰራም። ጌስት ፓሱም ብሬነሮ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ትኬት ይገዛል። እናትሽ ቤታችሁ ስላረፉ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚገባውን የእንግዳ ማሳወቂያ ለኩዌስቱራ (ፖሊስ) ወይም ለኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) አስገብታችሁ ከሆነ ቅጂውን ጨምሩበት። ሆቴል ስትገቡ ምዝገባውን እነሱ ያደርጋሉ።

እኔ ብሆን ኢንስብሩክን ትቼ ያንን ቀን ለሬኖን እሰጠዋለሁ። ከቦልዛኖ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ባልሞላ የገመድ መኪናው መነሻ ይደረሳል፣ በ12 ደቂቃ ሶፕራቦልዛኖ ያወጣል። ከፍታው 1,220 ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባን ለለመደ ሰው ቆላ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለ ትንፋሽ አትስጉ። ላይ ከ1907 ጀምሮ የሚሄደው ትንሹ ባቡር እስከ ኮላልቦ ይወስዳል፤ በገና ሰሞን ጣቢያዎቹ ላይ አነስ ያለ ገበያ ይደረጋል፣ ትሬናታሌ ይሉታል። እናትሽ ሙቅ ባቡር ውስጥ ተቀምጠው ዶሎሚቲን በመስኮት ያያሉ። ሸለቆው ጉም ሲሆን ላይ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ከ11:00 በፊት ውጡ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ነው።

አዲጄ_ዳር

ብርዱን ላንሳ፣ ማንም አልመለሰላትም። ቦልዛኖ 262 ሜትር ላይ ነው፣ ቪፒቴኖ 948። ከፍታው ባደገ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል። ጉልበት የሚያመው ሰው የሚጎዳው ግን ከአየሩ ይልቅ ከመሬቱ ነው። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ሲቆም ቅዝቃዜው በሶል ይወጣል። ስለዚህ ካፖርት ላይ ካፖርት ከመደረብ በፊት ወፍራም የጎማ ሶል ያለው፣ በሱፍ ካልሲ የማይጠብ ጫማ ይገዛ። የጠበበ ጫማ ከሁለት ካልሲ ጋር ከአንዱ ካልሲ ይብሳል፣ ደሙ አይዘዋወርም። 10:00 ላይ ገበያው ሲከፈት ግቡ፣ 12:30 ላይ ውስጥ ግቡ፣ መብራቱን ለማየት 16:30 ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ውጡ። ተራራው ፀሐይዋን ቶሎ ስለሚጋርዳት ያኔ ጨልሟል። ለመጸዳጃ ቤት የ1 ዩሮና የ50 ሳንቲም ዝርዝር ኪስ ውስጥ ይኑር።

ደጀን_77

ጾሙ የማይነካውን ጊዜ ለሚፈልግ አንድ ልጨምር፣ በሾርባው የተሳሳትኩትን ላካክስ። ቴርሜኖ ላይ ኤገትማን የሚባል የካርኒቫል ሰልፍ አለ፤ ከ1591 ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ፣ በጎዶሎ ዓመት ብቻ የሚደረግ። ቀኑ የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ዋዜማ ማክሰኞ ነው፤ በ2027 9 ፌብሩዋሪ ይውላል። በእኛ የካቲት 2 ነው። ነነዌ የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29 ስለሚገባ፣ ማክሰኞም ስለሆነ ጾም የለም። ኦራ ጣቢያ ወርዶ በአውቶቡስ ነው። ጥላሸቱ እዚያም አለ፣ አሮጌ ልብስ።

ምጥን_በርበሬ

ይህ ትክክል ነው ደጀን፣ አጣርቼዋለሁ። ያን ቀን ሾርባውንም ጠጣ፤ አሳማውን ግን እማማ በፍስክም አይነኩትም።